በፍሬው ደጅ ያለፈው ወሳንሳ

ይዘንጋሽን የማይወዳት ሰው ብዙ ነው፤ ፈትሏን የማይፈልግ ግን የለም። ከራቤል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጓሳው ሣር በሚያወጣው ደጋ ላይ ሳማ ምንጭ የምትባል መንደር አለች፤ ይዘንጋሽ እዚያ የበግ ጠጉር እየፈተለች ትኖራለች። የእሷ ፈትል የገባበት ባና፣ ያ ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ውርጭ አያስገባም ይላሉ። ምላሷንም በዚያው ልክ ያውቁታል። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። ለምን እንደፈታች የጠየቋት ሴቶች ያገኙት መልስ ይኸው ነው፦ «ባሌ ዝም በይ አለኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ።»

ከዚያ ወዲህ የኖረችው ከታናሽ ወንድሟ ከአብነት ጋር ነው። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ሰው እንደሚለው ከሆነ በዚያ ቤት ውስጥ እሷ ስለ ሁለቱም ትናገራለች፣ እሱ ስለ ሁለቱም ዝም ይላል።

አብነት መታመም የጀመረው ሥራው ላይ ሳለ ነው። እግሩን የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተተ፣ መወርወሪያውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ይቀራል። «ምን ሆንህ?» ስትለው፣ «እየሰማሁ ነው እታለም፤ አትረብሺኝ» ይላታል። ጠበል ወሰደችው፤ ተሻለው፤ ተመለሰበት። ሌላ ጠበል ወሰደችው፤ እንደዚያው ሆነ። ቆይቶ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፋ። ገብስ ታጭዶ በተከመረበት ሰሞን፣ በአንድ የውርጭ ማለዳ፣ አብነት ተነሥቶ ከበታቻቸው ወዳለችው መንደር ወደ ታች አምባ ወረደና ፍሬው የሚባለውን ገበሬ ክምር በእሳት ለኮሰው። ሰው እየጮኸ ሲደርስ እጁን እያሞቀ ቆሞ አገኙት።

«ክምሩ በርዶት ነበር፤ ሲንቀጠቀጥ አይቼው ነው» አላቸው።

ፍሬው ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች ያሉት ገበሬ ነው፤ ያ ክምር የቤቱ የዓመት ጉርስ ነበር። ግን የዓመት ጉርሱ ሲነድ ያየ ሰው ደግ ሆኖ እንዲቀር የሚጠብቅ ካለ፣ ያ ሰው ገብስ አምርቶ አያውቅም። ከሰሰ። አብነት ተያዘ። ሐኪም አየውና ያደረገውን የማያውቅ በሽተኛ ነው አለ። ዳኛውም በዚሁ መሠረት ወሰኑ፦ አብነት ለድርጊቱ አይጠየቅም፤ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይወሰድ፤ ፖሊስ አጅቦ ያድርሰው፤ ቤተሰብ ወይም የአካባቢው ነዋሪ አብሮት ይሂድ፤ በጉዞው ላይ እንዳይታሰር።

ፍሬው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጮኸ። «ሕዝብ ሆይ ስማ! ገብሴን አነደደ፤ መንግሥት ደግሞ በመኪና ሊያንሸራሽረው ነው! እኔስ? እኔ ነኝ ማበድ የነበረብኝ!»

«ገና አልመሸም» አለችው ይዘንጋሽ።

መኪናው ግን አልመጣም። ጉዳዩን የያዘው ምክትል ሳጅን መርስዔ ኃዘን የሚባል፣ ትህትናም መሰልቸትም ያለበት ሰው ነው። ይዘንጋሽ ራቤል ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ብትጠይቀው፣ ተሽከርካሪ እስኪገኝ ድረስ ወንድምሽን ቤት አቆዪው አላት።

«እናንተ ዘንድ ይቆይ እንጂ! መንደሩ ሊበላው ነው።»

«ጣቢያው ለታሳሪ ነው። እሱ ደግሞ አይታሰርም ተብሏል።»

«እሺ፣ ከቤት መጥታችሁ ውሰዱት።»

«ትእዛዙ የሚለው ከጣቢያ ወደ ሆስፒታል ነው፣ እትዬ። ከሳማ ምንጭ እስከ ጣቢያ ያለው የእናንተ ነው። መኪና እንደሆነ እናንተ ጋ አይወጣም።»

ጤና ጣቢያ ሄደች። አምቡላንሱ ለወላድ እናት ብቻ ነው አሏት።

«እንግዲያው ወንድሜን አስረግዤ ላምጣው?» ብላ ወጣች። ይህቺን ቃል ራቤል ገበያ ላይ እስከ ዛሬ እየተቀባበሉ ይስቁባታል። እሷ ግን ያን ቀን አልሳቀችም።

ምክንያቱም ታች አምባ ላይ ፍሬው ይጠብቅ ነበር። ከሳማ ምንጭ ወደ ራቤል የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በገደሉ አፋፍ ይሄድና በፍሬው ግቢ በር ላይ ያልፋል። አንድ ቀን አብነት አምልጧት ወደዚያ ወረደ። ፍሬውና ሁለት ወንድሞቹ አግኝተው በዱላ ቀጠቀጡት። ይዘንጋሽ እየጮኸች ደርሳ ከእጃቸው ነጠቀችው እንጂ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጎኑ አብጦ፣ አንድ እጁ ከብዶት ተኛ። ፍሬው ደግሞ በማግሥቱ አወቀ የተባለውን ጎረቤቱን ልኮ እንዲህ አላት፦ «ዐቢይ ጾም ሳይገባ ካልሄደ፣ ከዚያ በኋላ የሚወስደው መኪና ሳይሆን አካፋ ነው።»

አወቀ መልእክቱን አድርሶ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ተላኪ ነኝ እንግዲህ፤ እኔን አትርገሚኝ።»

«አንተን አልረግምም፤ ለአንተ አፌን አላደክምም» አለችው።

መርስዔ ኃዘን በስልክ የደወለው በዚያው ሳምንት ነው። ቅዳሜ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ይወርዳል፣ ከዚያም ያልፋል። እስከ ረፋድ ጣቢያ ከደረሳችሁ ይሄዳል፤ ካልደረሳችሁ ሌላው መቼ እንደሚገኝ አላውቅም አላት። ይዘንጋሽ ስልኩን ዘግታ መንገዱን አሰበች። አብነትን በእግሩ በፍሬው ደጅ ማሳለፍ አይቻልም። እነሱ ባይመቱት እንኳ፣ እሱ ያንን አጥር ሲያይ ወደ ገደሉ ይሮጣል።

ያኔ ነው ወሳንሳው ትዝ ያላት።

በዚያ አገር መኪና የማይገባበት መንደር በሽተኛውን በወሳንሳ ነው የሚያወርደው። ሁለት አጠና፣ በመካከሉ የተጠላለፈ ጠፍር፣ አራት ትከሻ። ሥርዓቱን ሕፃንም ያውቀዋል፦ አንዱ መንደር ተሸክሞ ቀጣዩ መንደር የመጀመሪያ ደጅ ላይ ያወርዳል፤ የዚያ ደጅ ባለቤት ሰው ጠርቶ ይረከባል። እንቢ አይባልም። ወሳንሳ ላይ ያለ ሰው አይመታም፣ አይሰደብም። በሁለት ደጅ መካከል ወሳንሳ ጥሎ የሄደ ሰው ደግሞ፣ የእሱን ሬሳ የሚያነሣ የለም።

ወሳንሳው የሚቀመጠው ሙት የሚቀብረው የመንደሩ ማኅበር፣ የቅሬው፣ ዳኛ ከሆኑት ከአቶ ወልደ ጻድቅ ዘንድ ነው። ቅሬው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቦ ሳለ ይዘንጋሽ ገብታ ጠየቀች።

«ለማን?» አሉ ወልደ ጻድቅ።

«ለአብነት።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ፣ «ከእኔ የበለጠ ይሮጣል እኮ!» አለ። ሳቁ።

ወልደ ጻድቅ በበትራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «ልጄ፣ ወሳንሳ ለበሽተኛ ነው፣ ለወላድ ነው፣ ለሬሳ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ወሳንሳ ላይ ከወጣ ለአገር ሟርት ነው።»

«ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ አምና ጉልበትዎን ሪህ ሲይዝዎ በዚሁ ወሳንሳ ወርደው የለም?»

«ጉልበቴ ነበራ የታመመው!»

«የእሱ ራሱ ነው የታመመው። ከጉልበትና ከራስ የቱ ይበልጣል? ወይስ እርስዎ የሚያስቡት በጉልበትዎ ነው?»

ሽማግሌው ቀሉ። አጠገባቸው ያለው ሰው ሳቁን ለመደበቅ ጋቢውን አፉ ላይ ሳበ። ወልደ ጻድቅ ግን ሲቆጡም ዳኛ ናቸው፤ «ወሳንሳው የቅሬው ነው፤ አልከለክልሽም። ትከሻው ግን የየባለቤቱ ነው። ማን እንደሚሸከምልሽ እኔ አላውቅም» አሉ።

አራት ሰው አገኘች። ወደዋት አይደለም። «በክረምት ባና ፍተይልኝ ትለኛለህ፤ ያኔ ጣቴ ይታመማል» እያለች ደጅ ለደጅ ዞራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ነበር። አብነት ተለምኖ ወሳንሳው ላይ ተኛ፤ ይዘንጋሽ ራሷ የፈተለችውን፣ እሱ ራሱ የሸመነውን ባና ደረበችለት። ገና ከሳማ ምንጭ እንደወጡ አብነት ባናውን ወደ ላይ ሳበና ፊቱን ሸፈነ።

«ግለጠው፣ ሰው ምን ይላል!» አለ አንዱ ተሸካሚ። በሽተኛ ፊቱ ተገልጦ ነው የሚሄደው፤ ተሸፍኖ የሚሄደው የሞተ ነው።

«ያንን አጥር ማየት አልፈልግም» አለ አብነት ከውስጥ።

«ተወው፤ ዝም ብሎ ይሂድ እንጂ በጆንያም ይሸፈን» አለች እሷ።

ታች አምባ ሲደርሱ ውጭ የነበረችው የፍሬው ሚስት እየሩስ ናት። ወሳንሳውን አየች፤ የተሸፈነውን ፊት አየች፤ ከኋላ ያለችውን ይዘንጋሽን አየች። እጇን ራሷ ላይ አድርጋ፣ «ወዮ! ወዮ ጉዴ! ገደላችሁት!» ብላ ጮኸች። ተሸካሚዎቹ ሥርዓቱን ጠብቀው ወሳንሳውን በሩ ላይ አወረዱ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ፊታቸውን አዞሩና ወደ ላይ ተመለሱ። የፍሬውን ደጅ ማንም አይወደውም ነበር።

ፍሬው ወጣ። ወንድሞቹ ከኋላው ወጡ። አወቀም ከአጥሩ ማዶ መጣ። ፍሬው ባናውን አየና ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«መቼ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ይዘንጋሽ ገባት። ሰውየው የገደለ መስሎታል። በሕይወቷ መናገር የሚገባትን ያልተናገረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ የሚያውቋት።

«ተሸከም» አለችው።

ተሸከመ። እሱና ወንድሞቹ፣ አራተኛው አወቀ። ከታች አምባ እስከ ራቤል ሌላ መንደር የለም። ይዘንጋሽ ከኋላ ትከተላለች፤ አብነት፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ትንፋሹንም ዋጥ አድርጓል። ፍሬው ግን ዝም ማለት አልቻለም።

«እኔ ጎኑን ነው የነካሁት። በዱላው ጫፍ። ራሱን እኔ አልመታሁትም።»

«እኔም አልመታሁትም» አለ አንዱ ወንድሙ ፈጠን ብሎ።

«አንተማ ነህ የመታኸው!»

«አንተ አይደለህ በለው ያልከኝ?»

«ዝም በሉ፣ ሬሳ ይዘን!» አለ አወቀ።

«ይዘንጋሽ፣» አለ ፍሬው ዞር ሳይል፣ «ሽማግሌ እልካለሁ። ደም እንዲፈስ አልፈልግም። እኔም ልጆች አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኮ ክምሩ… ክምሩ ይቅር። ይቅር ብያለሁ።»

መንገዱ አፋፉ ላይ ጠብቧል፤ ከግራ በኩል ገደል ነው። የፍሬው ወገን ዝቅ ብሎ ነበር።

«ፍሬው፣» አለ ባናው፣ «ትከሻህን ቀና አድርግ። እያንሸራተትከኝ ነው።»

ፍሬው እንደ ሴት ጮኸ። ወሳንሳው ዘመመ፤ አብነት በሁለት እጁ አጠናውን ጨመደደ፤ አወቀ በጉልበቱ ተንበርክኮ ባይይዘው ኖሮ አራቱም ገደል ነበሩ። መሬት ላይ አስቀመጡት። ባናው ተገለጠ፤ አብነት ሰማዩን እያየ ተኝቷል።

«አታለልሽኝ!» አለ ፍሬው። «አንቺ ሰይጣን! በሞት ቀለድሽብኝ!»

«ሞተ አልሁህ? ተሸከም ነው ያልሁህ።»

«ፊቱን ሸፍነሽ!»

«ፊቱን የሸፈነው ፊትህን ላለማየት ነው። ማን ይፈርድበታል?»

አወቀ በሳቅ ወደቀ። «ኧረ ፍሬው፣ አሁን የተናደድኸው ስለሞተ ነው ወይስ ስላልሞተ?»

ፍሬው ዱላውን አነሣ፤ አወቀ ላይ ይሁን ይዘንጋሽ ላይ አልለየም ነበር። ከዚያ ወሳንሳውን አየና ዱላው አየር ላይ ቀረ። «ይቅር ያልሁትን መልሻለሁ» አለ። «ክምሩ ክምር ነው። ሰምተሻል? እኔ እንግዲህ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው።»

«ሂዳ» አለችው። «በሁለት ደጅ መካከል ጥለኸው ሂድ። የሞትህ ቀን ሚስትህ በጀርባዋ ትውሰድህ።»

ታናሽ ወንድሙ አጠናውን ያዘ። «ጋሼ፣ ና ተሸከም። ይሄን ነገር አትቀልድበት።»

ፍሬው መሬት ላይ ተፍቶ ወደ አጠናው ተመለሰ። እስከ ራቤል ድረስ አልተናገረም፤ ይዘንጋሽ ግን የታፈነውን ምላሷን ሁሉ አወጣች። ስለ ዱላው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ አጥሩ አሠራር ሳይቀር ነገረችው። በመጨረሻ አብነት ራሱ፣ «እታለም፣ በቃው፤ ተሸክሞኛል እኮ» አላት።

ጣቢያው ግቢ ሲደርሱ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። የፍሬው ወንድሞችና አወቀ ወሳንሳውን አስቀምጠው ወደ ገበያው ፈጠኑ። ፍሬው ግን እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆመ።

ሾፌሩ አብነትን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄ ካልታሰረ መሪ አልይዝም» አለ። መርስዔ ኃዘን ካቴናውን አወጣ። ይዘንጋሽ መካከል ገባች።

«ትእዛዙ እንዳይታሰር ይላል!»

«ትእዛዙን የሰጡት ዳኛ አብረውት አይሳፈሩም፣ እትዬ።»

«አንተ ታዲያ ፖሊስ ነህ ወይስ የዳኛው አለቃ?»

መርስዔ ኃዘን ካቴናውን መልሶ ኪሱ ከተተ። «እሺ። እንግዲያው በግራና በቀኝ የሚይዙት ሰዎች ይኑሩ። እኔ ጠመንጃ ይዤ ከበሽተኛ አጠገብ አልቀመጥም፤ ፊት ነኝ። አንዷ አንቺ ነሽ። ሁለተኛው ማነው?»

ይዘንጋሽ ዙሪያዋን አየች። ያመጧት ትከሻዎች ገበያ ገብተዋል። የሳማ ምንጮቹ ተመልሰዋል። ሾፌሩ ሞተሩን አስጮኸ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ ፍሬው።

«አንተ? ሬሳዬን ተራምደህ! የመታኸውን እጅ ልትይዝ?»

«በደንብ እይዘዋለሁ። መንገድ ላይ አውርዳችሁ ብትለቁትስ? ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ ክብሪት ይዞ ይመጣብኛል። በሩ ሲዘጋበት በዓይኔ አያለሁ።»

መርስዔ ኃዘን ወረቀቱን አገላበጠ። «ከሳሽ አጃቢ… ደስ አይልም። ግን 'የአካባቢው ነዋሪ' ነው የሚለው። ከሳሽ አይሁን አይልም።»

«ከዚህ ሰው ጋር ከሄደ መንገድ ላይ ያንቀዋል!»

«እንግዲያው ይቅር፤ ሌላ መኪና ሲገኝ እደውላለሁ።»

ይዘንጋሽ አካፋውን አሰበች። ፍሬው እየጠበቀ ነው፤ እሷ ቃል እስክታወጣ። ያን ጊዜ አብነት ወሳንሳው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ማን እንደሚይዘኝ እኔን ለምን አትጠይቁኝም?»

«እሺ፣ ማን ይያዝህ?» አለ መርስዔ ኃዘን።

«ማንም እንዲይዘኝ አልፈልግም። ግን መኪናው ይሂድ።»

ሄደ። አብነት መካከል፣ እህቱ በግራ፣ ጠላቱ በቀኝ። የፍሬው እጅ የአብነትን የእጅ አንጓ እንደያዘ ነው፤ የይዘንጋሽ ዓይን ደግሞ የፍሬውን እጅ።

«ላላ አድርግ።»

«ላላ ካደረግሁ ይዘላል።»

«ያመዋል አልሁህ! የመታኸው እኮ ነው!»

ፍሬው ላላ አደረገ። ከዚያ መሐል ሜዳ ከተማ መኪናው ሲቆም አብነት እውነትም ዘለለ፤ እግሩ ከበሩ ሲወጣ ፍሬው ወገቡን አቅፎ ወደ ውስጥ መለሰው። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ጎረምሳ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «እብድ ነው? ምን ያደርጋል?» አለ።

«አንተ ምን አገባህ?» ብሎ ፍሬው ጮኸበት። «ክምርህን አቃጠለብህ? የእኔን ነው ያቃጠለው! ዞር በል!»

ይዘንጋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ ፊቱን አየችው። አብነት ከዚያ በኋላ አልዘለለም።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለችው ነርስ ፍሬውን፣ «የበሽተኛው ምን ነዎት?» አለችው።

«ከሳሹ።»

«የምጠይቀው ቤተሰብ ነው።»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ» አለች ይዘንጋሽ። «ይሄ ጠላታችን ነው።»

ነርሷ ሁለቱን እያፈራረቀች አየችና አብነትን ክንዱን ይዛ ገባች። በሩ ሲዘጋ ፍሬው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። «ይቆለፋል?» አለ። ይቆለፋል አሉት። ቆሞ በሩን አየ፤ ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

በአንድ አውቶቡስ ተመለሱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ራቤል ሲወርዱ ከኋላዋ ጠራት። «ሲድን በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«መንገዱ አንድ ነው» አለችው።

አብነት እስካሁን እዚያው ነው። መድኃኒቱ እንቅልፉን መልሶለታል፤ በስልክ ሲያገኛት ጠጉሩ ተነደፈ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ፍሬው ግን ነገሩን አልተወም። የሁለቱ መንደር ቅሬ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ቆሞ ከሰሳት፦ በሕይወት ያለ ሰው ፊት ሸፍና ሚስቱን ሙሾ አስወረደች፣ እሱን በሐሰት ሬሳ አሸከመች። ብዙው ሰው ከእሱ ጋር ነበር። ወልደ ጻድቅም የሪሁን ነገር አልረሱላትምና ሳይዘገዩ ፈረዱ፦ ከእንግዲህ ወሳንሳ ላይ ያለ ሰው ነፍሱ እስካለች ድረስ ፊቱ ይገለጥ፤ ያልገለጠ ከቅሬው ይውጣ።

ይዘንጋሽ ተነሣች። «ደግ ነው። ፊቱ ይገለጥ ካላችሁ፣ ማን እንደሆነ እያያችሁት ነው የምትሸከሙት ማለት ነው። እንግዲያው ራሱን የታመመም በሽተኛ ነው፣ ወሳንሳ ይገባዋል በሉ። ያንኛውን ደንግጋችሁ ይሄንን ልትተዉ አትችሉም።»

ጭቅጭቁ እስኪመሽ ቆየ። ተሰደበች፣ ተሳደበች። በመጨረሻ ወልደ ጻድቅ እጅ ይነሣ አሉ፤ የተነሣው እጅ አመዘነ። ካልተነሡት እጆች አንዱ የፍሬው ነበር።

«ይኸውላችሁ!» አለ ፍሬው ቆሞ። «እንግዲህ የአገሩ እብድ ሁሉ በደጄ ሊያልፍ ነው!»

«በደጅህ አይደለም» አለችው ይዘንጋሽ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «በትከሻህ ነው።»